ላስቲክ የለበሰ ወንበር

የታጨደ ሣር ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ ጡቴን ይጠዘጥዘኛል። እንዳትስቁብኝ። ትናንት ጎረቤታችን ግቢ አንድ ሰው በትከሻው ባንጠለጠላት ማሽን ሣሩን እያንጣጣ ሲቆርጥ ሽታው በመስኮት ገባ። እጄ ላይ የነበረውን ሽንኩርት ጥዬ ደረቴን ይዤ ቆምኩ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ምን ብዬ ልንገራት? አንዲት ጣት ትዝ ብላኝ ነው።

ጣቷ የሥራ አስኪያጁ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጥፍሯ የተሞረደ። በዚያ ጠዋት አዳራሹ ደጃፍ ቆሞ ጣቱን ዘረጋና «የግቢው ባለቤት ልክ በስድስት ሰዓት ይደርሳሉ» አለ። «ሪባኑን ይቆርጣሉ። ከዚያ አዲሱ የሣር ማጨጃ ማሽን ወንበር ላይ ይወጡና ሣሩን ከዚህ ጀምረው፣ ቀጥ ብለው፣ ምንም ሳያጥፉ፣ እስከዚያ ጽድ ድረስ ያጭዱታል።»

ጣቱ ሜዳውን ቁልቁል ወርዳ ወርዳ ጽዱ ላይ ቆመች።

ጽዱ ሥር፣ ጉልበት በሚደርሰው ሣር ውስጥ፣ ልጄ ተኝታ ነበር።

ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፣ ልጄ ደግሞ ገና ሰባት ወሯ ነው። ግቢው አሰላ ከተማ ዳር፣ በጭላሎ በኩል ያለ፣ ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራይ ሰፊ ቦታ ነበር። ላይኛው ጫፍ ላይ አዳራሹና ወጥ ቤቱ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ብቻውን የቆመ አንድ ጽድ፣ በመሀል ተዳፋት የሆነ የሣር ሜዳ። እኛ ሦስት ሴቶች በማጭድ እናጭደዋለን። ከላይ ጀምረን፣ ወገባችን እንደ ማጭዳችን ጎብጦ ታች ስንደርስ፣ የላዩ እንደገና አድጎ ይጠብቀናል። የአሰላ ሣር ዝናብ ካገኘ ይሉኝታ የለውም።

በዚያ ግቢ ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው። «ይሄ የሥራ ቦታ እንጂ የልጅ መዋያ አይደለም» ይል ነበር ሥራ አስኪያጁ። አንዲት ጓደኛችን ከወር በፊት ልጇን አዝላ ተገኝታ፣ ማጭዷን አስረክባ ወጥታለች። እኔ ልጄን ለጎረቤቴ ነበር የምተዋት። በዚያን ቀን ግን ጎረቤቴን ንጋት ላይ መርዶ መጣባትና ሲሬ ለቅሶ ሄደች። የልጄ አባት ሥራ ፍለጋ ብሎ ከወጣ ወዲህ ወሬውም የለ። በማሽኑ ምርቃት ቀን ብቀር እባረራለሁ። ልጅ ይዤ ብገባም እባረራለሁ። ሁለቱን ሳመዛዝናቸው ሊደበቅ የሚችለው ሁለተኛው ነው።

በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ።

«ምንድን ነው ያዘልሽው?» አሉኝ።

«ምሳዬ ነው፣ አባባ።»

ምሳዬ አስነጠሰች።

ዘበኛው ጢማቸውን ያዙ። ሰማዩን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ እኔን ግን አላዩኝም። «ምሳሽን ‹እደጊ› በያት» አሉና በሩን ከፈቱልኝ። አላህ ጀነት ይስጣቸው፣ ዛሬ የሉም። በሕይወቴ ብዙ ሰው በር ሲዘጋብኝ አይቻለሁ፤ እንደሳቸው አድርጎ የከፈተልኝ ግን አላጋጠመኝም።

ልጄን አጥብቼ፣ አጥግቤ፣ ብርድ ልብስ አጥፌ ጽዱ ሥር አስተኛኋት። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። የታችኛውን ሣር ከሳምንት በፊት ጀምሮ «እንዳትነኩት» ተብለናል። ለምን እንደማይነካ አልጠየቅንም። እንደኛ ያለ ሰው «አትንኩ» ሲባል አይነካም እንጂ ለምን አይልም። እኔ ማንም አይደርስበትም ማለት መስሎኝ ነው። ለካ ለባለቤቱ የተቀመጠ ሣር ኖሯል።

ማሽኑ ከመጣ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በአይሱዙ ተጭኖ ሲወርድ ሁላችንም ተሰብስበን አየነው። ቀይ ነው። ትራክተር ወልዳ ጡት ሳይጥል የተለየ የሚመስል፣ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው የሣር መኪና። ወንበሩ ወፍራም ላስቲክ ለብሷል። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያወጣው አዋጅ አንድ ነው፦ «ባለቤቱ ሳይቀመጡበት ማንም ሰው ይህ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ። ላስቲኩንም የሚያነሱት እሳቸው ናቸው።»

ማንንም አልደነቀውም። በኛ አገር አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይነካም። ሶፋ የገዛ ሰው ላስቲኩ ራሱ ተቀዳዶ እስኪያልቅ ድረስ እየተንሸራተተ ይቀመጥበታል እንጂ አይገፈውም። እንኳን የጌታ ወንበር፣ የሽማግሌ በርጩማ ላይ እንኳ ባለቤቱ በሌለበት ማን ይቀመጣል? ስለዚህ ሁሉም ሰው ማሽኑን ቆሞ ነው የሚነካው።

ያቺ ጣት ጽዱን ካሳየች በኋላ ሥራ አስኪያጁ «አሁን ይሞከር» አለ። በፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር፤ ያኔ ከሠላሳ ዓመት የማይበልጥ ልጅ ስለነበር አሁን እሱ ብለው አይቀየመኝም። ከማሽኑ ጎን ቆመና፣ ክራቫቱ እንዳይነካ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ቁልፉን አዞረ።

ጭጭ።

እንደገና አዞረ። ትንሽ መብራት በራች። ሞተሩ ግን ጭጭ።

«ተመስገን» አልኩ።

ዞር ብሎ «ምን አልሽ?» አለኝ።

«ጉድ ነው አልኩ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንዴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ይህ ነገር ካልተነሳ ልጄ ደህና ናት። ከተነሳ ግን ባለቤቱ ቀጥ ብለው፣ ምንም ሳያጥፉ ይወርዳሉ። ሮጬ እንዳላነሳት ሜዳው ገላጣ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሜዳው አናት ላይ ቆሟል። እንግዲህ እስኪዘናጋ መጠበቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ማሽኑ እንዳይነሳ መጸለይ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምቶ ያውቃል? እኔ ከልቤ ጸለይኩ።

መጀመሪያ የመጣው ጎሚስታው ነው፤ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ልጅ እግር፣ ወሬኛ ሰውዬ። ጎሚስታው በዓለም ላይ ካለው ብልሽት ሁሉ አየር የማይፈታው አለ ብሎ አያምንም። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየና በእግሩ ጎማውን መታ።

«ታዲያ ምን ይነሳ? ጎማው ተኝቷል እኮ! ጎማው የተኛ መኪና ሞተሩም ይተኛል።»

ነፋው። አራቱንም ነፋቸው። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆመና ግንባሩን ቋጠረ። «ቆይ፣ ቆይ። የፊቶቹ ጎማዎች ለምን አነሱ?»

«አሠራሩ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምን አሠራር ነው? ተሸውዳችኋል! የሌላ መኪና ጎማ ነው የገጠሙላችሁ» ብሎ የፊቶቹን ከኋለኞቹ ጋር ሊያስተካክል መንፋቱን ቀጠለ። «ይበቃል፣ ይፈነዳል!» ተብሎ በግድ ነው ያስጣሉት። ቁልፉ ተዞረ። ጭጭ።

በልቤ «ጎሚስታ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አልኩ።

ቀጥሎ የተጠራው ባለወፍጮው ነው። ሃያ ዓመት የወፍጮ ሞተር ሲያስነሳ የኖረ፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ፣ ድምፅ ሲያወጣ በጩኸት ብቻ የሆነ ሰው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ስለሚውል ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስለዋል።

«ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ ማንም አልተናገረም ነበር። ጆሮውን ማሽኑ ሆድ ላይ ለጠፈ። ያልተነሳን ሞተር ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ «ብርድ መትቶታል!» አለ። «የኔም ወፍጮ በጠዋት እንዲህ ያደርጋታል! ሙቅ ውኃ ይምጣ!»

አጎንብሶም ከሥሩ አየና፣ እኔ ሙቅ ውኃ ልቀዳ ስነሳ፣ «ቢላዎቹ እዚህ ከሆዱ ሥር ናቸው! ወላዲቱን! የበሬ እግር ይቆርጣሉ!» ሲል ሰማሁት። 

ወጥ ቤቱ ወደ ላይ ነው። እኔ ጣሳዬን ይዤ ቁልቁል ወደ ጽዱ መራመድ ጀመርኩ፤ ቀስ ብዬ፣ እንደ ዘበት። ሃያ እርምጃ ያህል ሄድኩ።

«አንቺ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ወጥ ቤቱ በዚያ ነው እንዴ?»

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሽንት ቤቱስ በዚያ ነው?»

ተመለስኩ። ሙቅ ውኃውን አመጣሁ፣ ባለወፍጮው ሞተሩ ላይ በጨርቅ አሸበት። እሳት የሚያነሳውን ካንዴላ ፈታ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ አሸተተ፣ መልሶ አሰረ። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቱ እንደ ክራር ነካክቶ «ይሄ ጤነኛ ነው!» አለ። ቤንዚኑን ጣቱ ላይ አድርጎ ቀመሰና «ይሄም ጤነኛ ነው!» ብሎ ተፋ። ከጎኑ ቆሞ ቁልፉን አዞረ። ጭጭ።

«ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ምኑ ነው የታመመው?» አለ ጎሚስታው።

«አንተ ወደ ጎማህ!»

አራት ሰዓት አለፈ። ከጭላሎ የወረደው ጉም ተነስቶ ፀሐይዋ ሜዳው ላይ ወጣች። ያ ሣር ደግሞ ጤዛው ላዩ ላይ ሲያበራ፣ አምሮ፣ ወዝ ጠግቦ፣ ቁረጠኝ የሚል ይመስላል። ዓይኔን ከጽዱ አልነቅልም። ሣሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ልጄ የተነሳች ይመስለኛል። ረጅም ሣር ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ ከላይ ሲታይ አያስታውቅም።

በሩን ዘግተው የመጡት ዘበኛ እስካሁን ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩ ነበር። አሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ የማውቀው ፈረስ ነው» አሉ። «ፈረስ ደግሞ የማያውቀው ሰው ሲከበው ይደነግጣል። አንዱ እግሩን ይመታዋል፣ አንዱ ሆዱን ያሸዋል፣ ይሄኛው ጆሮው ሥር ይጮህበታል። ዞር በሉለት። ትንሽ ይረጋጋ።»

«አባባ፣ ይሄ ብረት ነው እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ብረት ቢሆንስ? ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም?»

አይገርማችሁም? ሰዓቱ እየሄደ፣ ባለቤቱ እየመጡ፣ የተማረው ሰውዬ ሳይቀር ሁላችንም አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄድን። ጀርባችንን ሰጥተነው፣ ማሽኑ እንዲረጋጋ ዝም ብለን ቆምን። ጎሚስታው ሊያስል ሲል ባለወፍጮው በክርኑ ጎሸመው። ከዚያ ዘበኛው ብቻቸውን ቀርበው መሪውን እየደባበሱ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ኮቱ» አሉት፣ ና፣ ና ማለታቸው ነው። ቁልፉን በቀስታ አዞሩ።

ጭጭ።

«ያ ረቢ» አሉ። «ይሄስ ተሸጦ የመጣው ዐመል ኖሮት ነው።»

የቀረው መጽሐፉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ከቢሮ አምጥቶ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ በፈረንጅ አፍ አነበበልን። አንድ ገጽ ባነበበ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል፣ እነሱም አብረውት ይነቀንቃሉ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ስለወጣሁ የማነበው ነገር የለም። ሥዕሉን አየሁ እንጂ። ከጀርባው ቆሜ፣ ጣሳዬን አቅፌ፣ ገጽ በገለጠ ቁጥር ሥዕሉን አያለሁ።

በሥዕሉ ውስጥ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ አለ። ቁልፉን ሲያዞር ተቀምጧል። እግሩን አንዱ መርገጫ ላይ አድርጓል፣ እሱን የሚያሳይ ቀስት አለ። ቀጥሎ ያለው ሥዕል ላይ ሰውዬው የለም፤ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። ኤክስ ምን እንደሆነ ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደብተሬ ሙሉ ነበር።

ገባኝ። ሰው ካልተቀመጠበት አይነሳም። እነዚህ ሁሉ ወንዶች ጠዋቱን ሙሉ ለወንበሩ ሲሉ ቆመው ነው የሚለፉት።

ልናገር? አፌን ይዤ ዋልኩ። እግዜር ይቅር ይለኛል። ሥራ አስኪያጁ ግንባሩ ላይ ላብ ተንጠፍጥፎ ሳየው አሳዘነኝ፤ እሱም ሥራው ነው፣ ጌታው ፊት ሊዋረድ ነው። ቢሆንም የኔ የባሰ ነው። ሥዕሉን ያየሁ እንዳይመስልብኝ ዓይኔን ወደ ሰማይ አደረግኩ።

የቢሮው ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ ገብቶ ሮጦ ወጣ። «ከአዳማ ከተነሱ ቆይተዋል፣ ሊደርሱ ነው» አለ። «እንግዶችም አብረዋቸው አሉ።»

«እንግዲህ በግፊ ነዋ!» አለ ጎሚስታው። «ማርሹን አስገብተን ቁልቁል እንግፋው። በግፊ የማይነሳ ሞተር የለም።» ከጎኑ ያለውን የማርሽ ዱላ ወደ ፊት ገፋው።

ቁልቁል። ቁልቁል ማለት ወደ ጽዱ ነው።

«መሪውን ማን ይይዛል?» አለ ባለወፍጮው። «ሦስታችሁ ለመግፋት እንኳ አትበቁም! እኔ ደግሞ ቁልፉ ጋ መሆን አለብኝ!»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ሌሎቹ ሁለት አጫጆች ለምርቃቱ ምግብ ወጥ ቤት ተወስደዋል፤ ሥራ የፈታሁት እኔ ብቻ ነኝ። እምቢ ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ አንድ ነገር መጣልኝ፦ መሪውን የያዘ አቅጣጫውን ይይዛል። እነሱ ቢገፉም ወዴት እንደሚሄድ የምወስነው እኔ ነኝ።

«እሺ» አልኩ።

«ቆይ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ወንበሩ! እንዳትቀመጪ።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልያዝ፣ ጌታዬ?»

አሰበ። «ከፍ ብለሽ። ሳትነኪው።»

እናም ያን ቀን ሜዳ እንደወጣች ሴት፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ከወንበሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ቁጢጥ አልኩ። መሪውን አንቄ ያዝኩ። ጎሚስታውና ሥራ አስኪያጁ ከኋላ፣ ዘበኛው ከጎን፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አሉ። በመጀመሪያው ግፊት ወደ ኋላ ተፈነገልኩና ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ላስቲኩ ተንጣጣ።

«ላስቲኩ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ልነሳ ስል ማሽኑ ወደፊት መንሸራተት ጀመረ። ጽዱ ፊት ለፊቴ ነው። ፈራሁ። የፈራ ሰው እግሩን አንድ ነገር ላይ ይተክላል አይደል? ከፊቴ ያገኘሁት መርገጫ ላይ ሁለት እግሬን ተከልኩ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ረገጥኩት። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ገፉ። አልነቃነቅ አለ። እንደገና ገፉ።

«ኧረ ይቺ ልጅ ከበደች!» አለ ጎሚስታው እያለከለከ። «ስታይዋት የገብስ አገዳ ታክላለች፣ ምን ውጣ ነው የመጣችው?»

«ፍቅር ይከብዳል» አሉ ዘበኛው። ምን ማለታቸው እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም።

«ግፉ እንጂ! ሴት ልጅ አቃታችሁ?» እያለ ባለወፍጮው ከጎን ይጮሃል። እኔ ጥርሴን ነክሼ መርገጫውን እየረገጥኩ ነው። ፍሬን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው፣ ስረግጠው እንደማይሄድ ብቻ ነው። ያ ይበቃኛል። ሥዕሉን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ተቀምጬ፣ እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ፣ ልክ እንደ ባለኮፍያው ሰውዬ ሆኛለሁ። ለራሴ አልታየኝም።

ባለወፍጮው ተናደደ። «እንግዲህ የፈለገው ይሁን!» ብሎ ቁልፉን ጠመዘዘው።

ሞተሩ ተነሳ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እንደ ወፍጮ ቤት፣ እንደ ነጎድጓድ፣ ከመቀመጫዬ ሥር። ጥቁር ጭስ ተፋ። ከኋላዬ ወንዶቹ «እልል!» አሉ፤ ጎሚስታው ባለወፍጮውን አቅፎ ሳመው። እኔ ደግሞ ጩኸቱ ሲያስደነግጠኝ ሁለት እግሬን አንስቼ ወንበሩ ላይ ሰበሰብኳቸው።

ማሽኑ ሄደ።

ሪባኑ ደረቱ ላይ እንደታሰረ ቁልቁል ሄደ። መሪውን በሁለት እጄ ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። ታዘዘኝ! ሜዳው ዳር ያለውን የአበባ መደብ በመሀሉ ሰንጥቆ ዞረ። ወደ ላይ ወጣ፣ ሲወጣ አዳራሹ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፣ እንደገና ጠመዘዝኩ። ወንዶቹ ከኋላዬ ይሮጣሉ፣ ሁሉም ይጮሃሉ፤ ሁሉም የየሙያውን።

«ፍሬን! ፍሬን ያዢ!» ይላል ጎሚስታው። ፍሬን የቱ እንደሆነ ማን አሳይቶኛል?

«ልጓሙን ሳቢ!» ይላሉ ዘበኛው።

«ቁልፉን! ቁልፉን!» ይላል ባለወፍጮው፤ እኔ ግን መሪውን ለአፍታ ብለቅ ወደ ጽዱ የሚሄድ እየመሰለኝ ጣቴን ማላቀቅ አልቻልኩም።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ዞሮ «ላስቲኩን! እግርሽን ከላስቲኩ ላይ አውርጂ!» ይላል።

ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ጡቴ በድንገት ቀሚሴን አራሰው። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጆሮ ሳይሰማ ጡት ይሰማል። ልጄ ነቅታለች። ሞተሩ ቀሰቀሳት። ከዚያ በጩኸቱ መሀል ቀጭን ድምፅ ከታች መጣች።

ዘበኛውም ሰምተው ቆሙ። «ሕፃን!» አሉ፣ ከዘራቸውን ወደ ጽዱ ዘርግተው። «ሰዎች! ሕፃን አለ!»

ያቺን ድምፅ ስሰማ ዓይኔ ወደ ጽዱ ሄደ። መሪውን በጊዜ ሳላዞረው ቀረሁ። ማሽኑ አፍንጫውን ወደ ጽዱ አደረገ፤ ቁልቁለቱ ተቀበለው። ረጅሙ ሣር ውስጥ ገባን። ሣሩ ከፊቴ እየተኛ ይሄዳል። የበሬ እግር የሚቆርጠው ቢላዋ ከሆዱ ሥር ነው፤ እኔ ደግሞ ላዩ ላይ ተቀምጬ ወደ ገዛ ልጄ እየነዳሁት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ይህ ነገር የሚሄደው እንደ በሬ ነው፤ እኔ ከበሬ እፈጥናለሁ። ዘልዬ ልውረድና ቀድሜው ልድረስ።

ተነሳሁ። ወንበሩን ለቅቄ ወደ ጎን ዘለልኩ፣ በእጄ ወደቅሁ፣ ተነስቼ ሮጥኩ። ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ሣሩ ጉልበቴን ይገርፈኛል፣ ሥሩ የቀረው ጤዛ ይቀዘቅዘኛል። ማሽኑ ተረከዜ ሥር ያለ እየመሰለኝ ነው። ወደ ኋላ አላየሁም። ጽዱ ሥር ተወረወርኩ።

ልጄ ብርድ ልብሷ ላይ ሆዷን አስደግፋ ተገልብጣለች። ፊቷ በዕንባ ርሷል፣ አፏ ሙሉ ሣር ነው። አነሳኋት። ደረቴ ላይ ለጥፌ ከጽዱ ጀርባ ዞርኩና ግንዱን ተደግፌ ጠበቅኩ፤ ይመጣል ብዬ።

አልመጣም። የሚሰማው የነፋስና የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። ቀስ ብዬ በግንዱ ጎን አንገቴን አወጣሁ። ማሽኑ አሥር ክንድ ያህል ርቆ፣ ሣሩ መሀል፣ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ወንበሩ ባዶ ነው። ለካ እኔ ከወንበሩ ስነሳ ነው እሱም እዚያው የጠፋው። ስሮጥ የነበረው ከቆመ ነገር ነው።

ወንዶቹ ደረሱ። አራቱም አጎንብሰው ጉልበታቸውን ይዘው ያለከልካሉ። ጎሚስታው በሆዱ ተኝቶ ከማሽኑ ሥር አየ። «ኧረ ቢላዋው ጭራሽ አልዞረም!» አለ። «ለብቻው ነው የሚከፈተው፣ ማንም አልከፈተውም!» ያን ሲል ጽዱ ሥር ቁጭ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ቀና አለ። ልጄን አየ። እኔን አየ። ልጄ ደግሞ እሱን ስታይ ማልቀሷን ተወችና የሣር ቁራጭ ከአፏ እያንጠባጠበች ትክ ብላ አየችው።

ያን ጊዜ በር ላይ ጥሩምባ ተነፋ። የባለቤቱ መኪና ነው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ። ዘበኛው አልተንቀሳቀሱም። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ይቺ...» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ትንፋሹ አላስጨርሰው አለ። «ይቺ ልጅ... የማን ናት?»

እኔ በዚያ ግቢ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከልጄ አፍ ላይ ሣሩን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩላት፣ አንዲት አንዲቷን ሰበዝ ከድዷ ሥር በጣቴ አወጣሁ። ጡቴን ሰጠኋት፣ ያዘችው። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

«የኔ ናት። ደርሼላታለሁ። ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ።»